ከ20 ሰከንድ ወደ 6፦ ሰናድር ጠመንጃ ውስጥ ምን ተቀየረ?

ኤርሶፍት የሚባለውን ጨዋታ በቪዲዮ ያያችሁ ትኖራላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጃፓን ውስጥ የተጀመረ ነው። ተጫዋቾቹ ጠመንጃ የሚመስል ነገር ይይዛሉ፤ የሚተኩሰው ግን 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት፣ ብዙውን ጊዜ 0.2 ግራም የምትመዝን የፕላስቲክ ፍሬ ነው። ባሩድ የለውም። ፍሬዋን የሚገፋት አየር ነው። ጨዋታውን የለመዱ ሰዎች ታዲያ ብዙም ሳይቆዩ አንድ ጥያቄ ያነሳሉ፦ በሰከንድ ብዙ እንዲተኩስ ውስጡን ምን ልቀይርለት?

ሲሰሙት የጨዋታ ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን ደህና የምህንድስና ጥያቄ ነው፤ ደግሞም በእኛ አገር ታሪክ ውስጥ ጨዋታ ሳይሆን ተጠይቆ ያውቃል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ ከመቅደላ ሥር፣ አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ፣ ውስጡ ብቻ የተቀየረ አሮጌ ጠመንጃ የአንድ ሠራዊት ዕጣ ከወሰኑት ነገሮች አንዱ ሆነ። (የሜዳው ስም አሮጌ መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው፣ ቃል እየተጫወትኩ አይደለም።) ወደዚያ እንሄዳለን። መጀመሪያ ግን የአሻንጉሊቱን ሆድ እንክፈትና ስሌቱን እንያዝ።

የአንድ ዙር ጊዜ

የኤሌክትሪኩ ኤርሶፍት እንዲህ ነው የሚሠራው። ባትሪ ሞተር ያዞራል። ሞተሩ በጣም ፈጣን ነው፣ ጉልበቱ ግን ትንሽ ነው፤ ስለዚህ በመካከሉ ጥርስ ያላቸው ሦስት ጎማዎች፣ ማለትም ጊሮች፣ ይገባሉ። እነሱ ፍጥነቱን ቀንሰው ጉልበቱን ይጨምሩታል። የመጨረሻው ጎማ ጥርስ ያለው በግማሽ ጎኑ ብቻ ነው። ጥርስ ባለው ጎኑ ፒስተኑን ይዞ ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ከኋላ ያለው ሞላ (ስፕሪንግ) ይጨመቃል። ጥርሱ ሲያልቅ ፒስተኑ ይለቀቃል። ሞላው ወደ ፊት ይወረውረዋል፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር ይታመቃል፣ ፍሬዋ ትወጣለች። አንድ ዙር አለቀ።

ቁጥር እናስገባ። ሞተሩ በደቂቃ 18,000 ጊዜ የሚዞር ከሆነና ጊሮቹ 18 የሞተር ዙር ወደ 1 የሚቀንሱ ከሆነ በደቂቃ 1,000፣ ማለትም በሰከንድ ወደ 17 ፍሬ ይተኮሳል። አንዱ ዙር 60 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል ማለት ነው። ጊሩን 13 ወደ 1 በሆነው ብትቀይሩትስ? በወረቀት ላይ በሰከንድ 23 ይደርሳል። በተግባር ግን እዚያ አይደርስም። ምክንያቱም 13 ወደ 1 የሆነው ጊር ጉልበት አይቆጥብም፤ ሞተሩ ሞላውን ለመጨመቅ አብዝቶ ይታገላል፣ ይዘገያል፣ ይግላል። ጠንካራ ባትሪ ጨምሩበት እንበል። አሁን ሌላ ችግር ይመጣል። ፒስተኑ ወደ ፊት ሄዶ ሳይጨርስ የጎማው ጥርስ ተመልሶ ይደርስበታል። ወደ ፊት የሚበረውን ፒስተን ወደ ኋላ የሚጎትት ጥርስ ሲይዘው ከሁለት አንዱ ይሰበራል፤ ብዙ ጊዜ የፒስተኑ ጥርስ ነው የሚላጨው።

ስለዚህ ፒስተኑ ቶሎ እንዲመለስ ቀለል ያደርጉታል፣ ወይም የሞላውን ጥንካሬ ይጨምራሉ። ሞላው ሲጠነክር ደግሞ ሞተሩ እንደገና ይከብደዋል፣ የፍሬዋም ጉልበት ይጨምራል። (0.2 ግራም ፍሬ በሰከንድ 100 ሜትር ስትወጣ 1 ጁል ኃይል ትይዛለች። ትንሽ ይመስላል፤ ዓይን ለማጥፋት ግን ይበቃል። ተጫዋቾቹ ያለ መነጽር የማይገቡት ለዚህ ነው።) አንዳንዶች ከጎማው ላይ ሁለት ሦስት ጥርስ ሆን ብለው ይቆርጣሉ፤ ፒስተኑ የሚሄደው መንገድ ያጥራል፣ ጊዜ ይገኛል፣ ኃይል ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ደግሞ የፍሬ መያዣው ሞላ ቀጣዩን ፍሬ በጊዜ አላደርስ ይላል።

እንጀራ ጋግሮ የሚያውቅ ይህን ነገር አይስተውም። ሊጡን በፍጥነት ማፍሰስ ብትችሉም አክንባሎው ተከድኖ የምትጠብቁት ጊዜ ካልተቀየረ በሰዓት የምትጋግሩት እንጀራ ያው ነው። ሁለተኛ ምጣድ ብትጨምሩ ግን ይጨምራል፤ ያኔ የሚያንሰው ሊጡ ይሆናል። በምህንድስና ትምህርት ቤት የሚያስተምሩን ይህንኑ ነው፣ ቃሉን ብቻ አክብደው። የዙሩን ፍጥነት የሚወስነው በዙሩ ውስጥ ያለው ዘገምተኛ ሥራ ነው። እሱን ስታስወግዱት ዘገምተኛነቱ ሌላ ቦታ ሄዶ ይቀመጣል።

ነፍጥ ከተተኮሰ በኋላ ዱላ ነው

አሁን ወደ ሰሜን ተራሮች እንሂድ። ከደባርቅ ተነስታችሁ በሳንቃ በር አልፋችሁ፣ የቧሂትን መተላለፊያ ተሻግራችሁ ወደ ጃናሞራ ስትወርዱ ደረስጌ ማርያም ትገኛለች። የካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በደረስጌ ጦርነት የሰሜኑንና የትግራዩን ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያምን አሸንፈው፣ እዚያው ደረስጌ ማርያም ላይ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ደጃዝማች ውቤ በምጽዋ በኩል ወደ ባሕር መውጫ ስለነበራቸው ነፍጥ በማከማቸት የታወቁ ነበሩ። ብዙ ነፍጥ ነበራቸው፤ ሆኖም ተሸነፉ።

የጦርነት ውጤት አንድ ምክንያት ብቻ የለውም። ግን የዚያን ዘመን ነፍጥ ከውስጡ ብናየው፣ ብዛቱ ብቻ ለምን እንዳልበቃ በከፊል ይገባናል። ነፍጡ የሚሞላው በአፈሙዙ በኩል ነው። ባሩድ በአፈሙዙ ታፈሳላችሁ። አረሩን ከላይ ትጨምራላችሁ። ረጅም ዘንግ አውጥታችሁ እስከ ታች ድረስ ትጠቀጥቃላችሁ። ዘንጉን ትመልሳላችሁ። ከኋላ መለኮሻውን ታዘጋጃላችሁ፤ በድሮው ዓይነት የሚጤስ ክር ነው፣ በአዲሱ ደግሞ ካፕሱል የምትባል ትንሽ የመዳብ ቆብ። ከዚያ መምቻውን ስባችሁ ታነጣጥራላችሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቆማችኋል፤ ምክንያቱም ቁመቱ አንድ ሜትር የሚደርስ ቱቦ በአፉ በኩል ተኝቶ መሙላት በጣም አስቸጋሪ ነው።

በደንብ የሰለጠነ ወታደር ካፕሱል ባለው ጥሩ ጠመንጃ ይህን በደቂቃ 3 ጊዜ ያህል ያደርገዋል። አንዱ ዙር 20 ሰከንድ ነው ማለት ነው። በክር በሚለኮሰው ነፍጥ ደግሞ በደቂቃ ከአንድ ወይም ከሁለት አይበልጥም። ቱቦው ውስጥ የባሩድ ጥላሸት ሲጠራቀም መጠቅጠቁም እየከበደ ይሄዳል፣ ስለዚህ አሥረኛው ጥይት ከመጀመሪያው ይዘገያል።

እስቲ በሌላኛው ወገን ሆናችሁ አስቡት። ጦርና ጋሻ ይዛችኋል። ፊት ለፊታችሁ ያለው ነፍጠኛ አሁን ተኮሰ። ከዚህ በኋላ ለ20 ሰከንድ በእጁ ያለው ነገር ጠመንጃ አይደለም፣ ዱላ ነው። ቁልቁል የሚሮጥ ሰው በሰከንድ 4 ሜትር ይሄዳል ብንል፣ እሱ ጠቅጥቆ ሳይጨርስ እናንተ 80 ሜትር ሄዳችኋል። በፈረስ ከሆናችሁ ደግሞ ደርሳችሁበታል። የመጀመሪያውን ተኩስ አሳልፎ ዘሎ መግባት ጀግንነት ብቻ አይደለም፣ ትክክለኛ ስሌትም ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ስሌት በዚያ ዘመን ተዋጊ ሁሉ ደም ውስጥ የገባ ነበር። ማንም ሰዓት ይዞ አልለካውም፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል።

ክዳኑ

እ.ኤ.አ. በ1864 ፕሩሲያ ዴንማርክን፣ በ1866 ደግሞ ኦስትሪያን ስትወጋ የፕሩሲያ ወታደሮች ከኋላ የሚሞላ ጠመንጃ ይዘው ነበር። አውሮፓ ደነገጠች። የእንግሊዝ ጦር ችግሩ ለየት ያለ ነበር፦ መጋዘኑ ኤንፊልድ በሚባል በአፈሙዝ የሚሞላ ጠመንጃ ሞልቷል። እ.ኤ.አ. የ1853 ሞዴል ነው፣ ጥሩ ጠመንጃ ነው፣ ቱቦው ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ ስላለው አነጣጥሮ ይመታል። ይህን ሁሉ ጥሎ አዲስ መሥራት ውድ ነው፣ ጊዜም ይፈጃል። ስለዚህ የአሻንጉሊቱን ባለቤቶች ጥያቄ ጠየቁ፦ ውስጡን ምን እንቀይርለት?

መልሱን ያመጣው ጄኮብ ስናይደር የተባለ አሜሪካዊ ነው። የእሱ ስም ነው በእኛ ቋንቋ "ሰናድር" ሆኖ የቀረው። ስናይደር ያደረገውን ላስረዳችሁ፤ እንደ መሐንዲስ በጣም የምወደው ሥራ ነው፣ የሠራውን ሳይሆን የተወውን በማየት። ሰደፉን አልነካም። ቃታውንና መምቻውን አልነካም። ቱቦውንም ቢሆን ከጫፍ ጫፍ ማለት ይቻላል አልነካም። ከኋላው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ቆርጦ ጣለ፣ በምትኩ ሌላ ብረት አስገጠመ። የተጨመረው ብረት ላይ በቀኝ በኩል በማጠፊያ የሚከፈት ክዳን አለ። ክዳኑን ወደ ጎን ትገለብጡታላችሁ፣ የቱቦው ኋላ ይከፈታል፣ ጥይቱን በአውራ ጣት ትገፋላችሁ፣ ትዘጋላችሁ። በክዳኑ ውስጥ ዘንበል ብላ የተቀመጠች መርፌ አለች፤ ያው የድሮው መምቻ ይመታታል፣ እሷ ደግሞ የጥይቱን ቂጥ። ከተኮሳችሁ በኋላ ክዳኑን ከፍታችሁ ወደ ኋላ ስትስቡት ባዶውን ቀለህ ይዞት ይወጣል፤ ጠመንጃውን ገልበጥ አድርጋችሁ ታራግፉታላችሁ።

መጠቅጠቂያው ዘንግ ከዙሩ ወጣ። ባሩድ ማፍሰስ ወጣ። ካፕሱል ለብቻ ማልበስ ወጣ። 20 ሰከንዱ ወደ 6 ወረደ፤ በደቂቃ 10 ጥይት ያህል። ደግሞ ተኝቶ መሙላት ይቻላል፤ ከቁጥሩ እኩል ትልቅ ለውጥ ይኸኛው ይመስለኛል።

ነገር ግን ክዳን የሚያስገጥም ሰው ከስናይደር በፊትም ነበር። ከኋላ የሚከፈት ጠመንጃ ሐሳቡ መቶ ዓመታት ያስቆጠረ ነው። ታዲያ ለምን አልሠራም? ጋዙ ያመልጣል። ባሩድ ሲነድ ቱቦው ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት መኪና ጎማ ውስጥ ካለው አየር በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ክዳኑ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢሞረድ በብረትና በብረት መካከል ክፍተት አይጠፋም፤ የጋለው ጋዝ በዚያ ክፍተት ወጥቶ የተኳሹን ፊት ይልሰዋል፣ ብረቱንም ቀስ በቀስ ይበላዋል።

የስናይደር ክዳን ሰው እጅ የገባው ክፍተቱ ስለጠፋ አይደለም። ክፍተቱን የሚደፍነው ጥይቱ ራሱ ስለሆነ ነው። በዉሊች የጦር ማምረቻ የነበረው መኮንን ኤድዋርድ ቦክሰር ለዚህ ጠመንጃ የሠራው ጥይት ባሩድን፣ እርሳስንና ካፕሱልን በአንድ ላይ የያዘ ነው። ግድግዳው ከስስ የነሐስ ቅጠል የተጠቀለለ ነው። ሲተኮስ ግፊቱ ይህን ስስ ቅጠል ወደ ውጭ ይነፋውና ከቱቦው ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል፤ ጋዙ መውጫ ያጣል። እርሳሱ ከወጣና ግፊቱ ከወረደ በኋላ ቅጠሉ ትንሽ ይሸሻል፣ ስለዚህ ቀለሁ ተጎትቶ ይወጣል። አንድ ስስ ብረት በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ በር ይሆናል፣ ከዚያ በር መሆኑን ይተዋል። ሰው ስለ ሰናድር ሲያወራ ክዳኑን ነው የሚያወራው። ለእኔ ግን ግማሹ ፈጠራ ቀለሁ ነው።

ስናይደር ራሱ ብዙም አልተጠቀመበትም። ጠመንጃው በእንግሊዝ ጦር ተቀባይነት ባገኘበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1866፣ የድካሙን ዋጋ በተመለከተ ከመንግሥት ጋር ሳይስማማ ሞተ።

አሮጌ

አጼ ቴዎድሮስ በዚያው ዓመታት ስለ መሣሪያ ያስቡ ነበር፤ ከዘመኑ የአገራችን መሪዎች ሁሉ አብልጠው ያስቡ ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ እንዲያቀልጡ አደረጉ። ትልቁ ሴባስቶፖል ወደ 70 ኩንታል ይመዝናል። መንገድ እየተቀደደለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። ዛሬም እዚያው አለ።

ይህን ያነሳሁት "መጠን መረጡ፣ ፍጥነት ሳቱ" ብሎ ለመፍረድ አይደለም። የቴዎድሮስ ጠላቶች አምባ ላይ የሚመሽጉ ባላባቶች ነበሩ። አምባ የሚሰብር ነገር ካስፈለጋችሁ ከባድ መድፍ የተሳሳተ መልስ አይደለም። ችግሩ የመጣው ሌላ ዓይነት ጠላት ስለመጣ ነው።

ጄኔራል ናፒየር በዙላ በኩል ከባሕር ተነስቶ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሚያዝያ 3 ቀን መቅደላ ሥር ደረሰ። ከላይ፣ ከፋላ ተራራ፣ የቴዎድሮስ ሰዎች ጠባቂ የሌለው የሚመስል የጭነት ሰልፍ ሸለቆውን ሲወጣ አዩ። በፊታውራሪ ገብርዬ የሚመሩ ብዙ ሺህ ሰዎች ቁልቁል ወረዱ። ከታች የጠበቃቸው ኪንግስ ኦን የሚባለው 4ኛው ክፍለ ጦር ሰናድር ይዞ ነበር። ሰናድር በትልቅ ዘመቻ ላይ ከተሞከረባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። ደግሞ ልብ በሉ፣ አብረዋቸው የነበሩት የፑንጃብ ወታደሮች ገና በአፈሙዝ የሚሞላ፣ ቦይ የሌለው የድሮ ጠመንጃ ነበር የያዙት፤ አዲሱ ነገር ለሁሉም አልተሰጠም።

ስሌቱን እንሥራ። ቁጥሮቹ የእኔ ናቸው፣ ለማሳየት ብቻ ነው። 300 ተኳሾች ይኑሩ። ሯጩ ከ400 ሜትር ላይ ይነሳና በሰከንድ 4 ሜትር ይሩጥ፤ ለመድረስ 100 ሰከንድ ያስፈልገዋል። በድሮው ጠመንጃ እያንዳንዱ ተኳሽ በዚህ ጊዜ 5 ጊዜ ይተኩሳል፣ በድምሩ 1,500 ጥይት። በሰናድር ከ16 በላይ ነው፣ በድምሩ ወደ 5,000። ከዚህ የሚበልጠው ነገር ግን ያ የ20 ሰከንድ ባዶ ጊዜ መጥፋቱ ነው። አንድ ተኩስ አሳልፎ 80 ሜትር መሄድ የለመደ ሰው አሁን 24 ሜትር ብቻ ሄዶ ሁለተኛውን ያገኛል። ከዚያ ሦስተኛውን። ዱላ የሚሆንበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዝናብና ነጎድጓድ ነበር፤ ባሩዱን ገልጦ በአፈሙዝ የሚሞላና በክር የሚለኩስ ሰው ዝናብ ጠላቱ ነው፣ ባሩዱ በቀለህ የተዘጋለት ሰው ግን እምብዛም አይጨነቅም።

እንግሊዞች በገመቱት መሠረት 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ሞቱ፣ 1,200 ያህል ቆሰሉ። ከሟቾቹ አንዱ ፊታውራሪ ገብርዬ ነበሩ። በእንግሊዝ በኩል 20 ያህል ቆሰሉ፣ ከእነሱ ሁለቱ በኋላ ሞቱ። ይህን ሁሉ ያደረገው ሰናድር ብቻ አይደለም፤ ሮኬትና በበቅሎ የሚጫኑ የተራራ መድፎችም ነበሩ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6፣ መቅደላ ተያዘ፣ አጼ ቴዎድሮስም እጅ ላለመስጠት ራሳቸውን ገደሉ።

አንዳንድ ጊዜ ይህ ጦርነት ሲተረክ ቁልቁል የሮጡት ሰዎች ደፋር ግን የማያውቁ ተደርገው ይቀርባሉ። አልስማማም። ለ20 ሰከንድ ጠመንጃ ትክክል የሆነውን ነገር ነው ያደረጉት። የተቀየረው የጠላት ጠመንጃ ውስጡ ነው፣ ውስጡ ደግሞ ከፋላ ላይ ሆኖ አይታይም። ከሩቅ ሲታይ ሰናድርና ኤንፊልድ አንድ ናቸው።

በቅሎዋ

አሁን ወደ አሻንጉሊቱ ትምህርት እንመለስ፦ ዘገምተኛው ሥራ ሲወገድ ሌላ ቦታ ሄዶ ይቀመጣል ብለን ነበር። ከሰናድር የት ሄደ?

አንድ የቦክሰር ጥይት 46 ግራም ያህል ይመዝናል። 60 ጥይት የያዘ ወታደር ወደ 3 ኪሎ ተሸክሟል። በድሮው ፍጥነት 20 ደቂቃ ይበቃዋል፤ በአዲሱ 6 ደቂቃ። አንድ በቅሎ 100 ኪሎ ብትጭን 2,000 ጥይት ገደማ ናት። 300 ሰው በሙሉ ፍጥነት ቢተኩስ በደቂቃ 3,000 ጥይት ይጨርሳል፤ የአንድ በቅሎ ጭነት በ40 ሰከንድ ያልቃል! ከዙላ መቅደላ ድረስ ሳምንታት የተጓዘች በቅሎ። የናፒየር ዘመቻ ታሪክ ከውጊያው ይልቅ የወደብ፣ የሐዲድ፣ የበቅሎና የዝሆን ታሪክ የሚመስለው አለምክንያት አይደለም።

ለኢትዮጵያ ደግሞ የበለጠ ከባድ ነገር ነበረው። በአፈሙዝ ለሚሞላው ነፍጥ ባሩድ እዚሁ አገር ይዘጋጃል፤ ጨው መሰሉ ማዕድን፣ ድኝና ከሰል ተወቅጦ ተደባልቆ። አረሩም እርሳስ አቅልጦ ማፍሰስ ነው። የአገር ቤት ባለሙያ ሊሠራው ይችላል። የቦክሰርን ቀለህ ግን በወናፍና በመዶሻ አትሠሩትም። ስስ የነሐስ ቅጠል፣ ልኩ የማይዛነፍ መጠን፣ ካፕሱል የሚሆን ኬሚካል፣ እነዚህን የሚያመርት ማሽን ይፈልጋል። ፈጣን ጠመንጃ የያዘ ሰው ሳያስበው የፋብሪካ ደንበኛ ሆነ ማለት ነው፣ ፋብሪካው ደግሞ ባሕር ማዶ ነው።

ከመቅደላ በኋላ የመጡት መሪዎች ይህን በፍጥነት ተረድተዋል። ናፒየር ሲመለስ ለትግራዩ ካሣ ምርጫ መድፍና ጠመንጃ ትቶላቸው ሄደ። ሐምሌ 1863 ዓ.ም. ካሣ አድዋ አጠገብ በቁጥር በብዙ እጥፍ የሚበልጣቸውን የአጼ ተክለ ጊዮርጊስን ጦር አሸነፉ፤ በዓመቱም አጼ ዮሐንስ 4ኛ ተብለው ነገሡ። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ ግብፆችን ሲያሸንፉ በሺዎች የሚቆጠር ሬሚንግተን ጠመንጃ ተማረከ። ሬሚንግተን ክዳኑ ወደ ኋላ የሚንከባለል፣ ከሰናድርም የፈጠነ ነው።

ከዚያ ዉጅግራ መጣ፤ ስሙ ከፈረንሳዮቹ "ፉዚል ግራ" የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. የ1874 ሞዴል ሲሆን ቀለሁ እንደ ቦክሰር ተጠቅልሎ የተሠራ ሳይሆን ከአንድ ወፍራም ነሐስ ተስቦ የወጣ ነው። ይህ ትንሽ ልዩነት ይመስላል፣ ግን እንዲህ ያለ ቀለህ ካልተበላሸ ተለቅሞ፣ ካፕሱሉ ተቀይሮ፣ ባሩድና እርሳስ ተጨምሮበት እንደገና ሊተኮስ ይችላል። ተጠቅልሎ የተሠራው ግን አንዴ ከተነፋ ለዚህ ብዙም አይሆንም። ማለትም ከፋብሪካው ጥገኝነት ትንሽ እፎይታ ነው። ጥይት ምን ያህል ውድ እንደነበረ ለማወቅ ገበያውን ማየት ይበቃል፦ በአገራችን ገበያዎች ጥይት ከአሞሌ ጨው ጋር እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር። አንድ ጥይት መተኮስ ገንዘብ መጣል ነበር ማለት ነው። ተኳሹ በደቂቃ ስንት መተኮስ ይችላል የሚለውና ስንት ይተኩሳል የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ይሆናሉ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የተሰለፈው የአጼ ምኒልክ ሠራዊት አብዛኛው ከኋላ የሚሞላ ጠመንጃ ነበረው። ጣሊያኖቹ ደግሞ አገራቸው ካርካኖ የሚባል አዲስ፣ ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩስ ጠመንጃ እያላት፣ ለአፍሪካው ጦር የቆየውን ቬተርሊ ነበር የሰጠችው። ከምክንያቶቹ አንዱ በመጋዘን የተከመረው የድሮ ጥይት እንዲያልቅ ነው። በአንድ ትውልድ ውስጥ፣ ከአሮጌ እስከ አድዋ 28 ዓመት ነው፣ የ20 ሰከንዱና የ6 ሰከንዱ ልዩነት ከሜዳው ጠፍቶ ነበር።